ሰውየው ሳይነሣ መሣል፦ በጎጃም ገበያና በረንዳ የፊት ሥዕልና የፈጣን ንድፍ አሠራር

ይህን የምጽፈው አንድ ዓይነት ሥዕል ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ ነው። ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዓይኑ በጣም አምሯል፤ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ግንባር ግን የለም። ራሱ ከቅንድቡ በላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ሌሎቹ ደግሞ ገበያ ወጥተው ሁለት መስመር ሳይጥሉ ሰውየው ተነሥቶ ይሄድባቸዋል። በዚያው ይተዉታል።

እጃችሁ ምንም አልሆነም። የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ከታች ያለውን በተራ በተራው ሥሩ። 3ኛውንና 6ኛውን ደረጃ ግን በምንም ምክንያት እንዳትዘሉ።

## ደረጃ 1፦ ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም።

- እርሳስ፦ ኤች ቢ (ጠንከርና ፈዘዝ ያለ) አንድ፣ 2ቢ (መካከለኛ) ሁለት፣ 6ቢ (በጣም ለስላሳና ጥቁር) አንድ። 6ቢ ካጣችሁ ከሰል ይተካዋል።
- ምላጭ። መቅረጫ የሚያወጣው ጫፍ አጭር ነው። በምላጭ እንጨቱን ጠርባችሁ የእርሳሱን ልብ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አውጡት። በጫፉ መስመር ትጥላላችሁ፤ በጎኑ ጥላ ትቀባላችሁ።
- ለስላሳ ነጭ ላጲስ።
- ኤ4 የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለፈጣን ንድፍ፤ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ወይም የተቀደደ ካኪ ፖስታ ለፊት ሥዕል።
- ነጭ ጠመኔ፣ አንድ እንጨት ብቻ።
- 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶና ሁለት የወረቀት መቆንጠጫ። እንጨት ሥራ ቤት ሄዳችሁ ቁራጭ ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል።

### ከሰሉን ራሳችሁ አዘጋጁ

የወጥ ቤት ከሰል አይሆንም። ጠንካራ ስለሆነ ወረቀት ይቧጭራል። ወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ግን ለስላሳ ከሰል ይወጣዋል።

1. የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን የአኻያ ቅርንጫፎች ቁረጡ። ልጣጩን ላጡና በደንብ አድርቁ።
2. ክዳን ያለው ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አስጠግታችሁ ደርድሩ። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብሱት። ያልተበሳ ጣሳ እሳት ውስጥ አታስገቡ፤ ይፈነዳል። የቀለም ቆርቆሮም አትጠቀሙ።
3. ደጅ ላይ የማገዶ እሳት ውስጥ አስቀምጡት። በቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲያቆም በጉጠት አውጡት።
4. ጣሳው በእጅ እስኪያዝ ድረስ ቀዝቅዞ ካልሆነ አትክፈቱ። ትኩሱን ከከፈታችሁት አየር ያገኛል፣ ይቀጣጠላል፣ አመድ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሲሰበር መሃሉ ቡናማ ከሆነ አልበሰለም፤ መልሱት። ለከሰል ላጲስ አያስፈልጋችሁም። የዳቦውን ለስላሳ ውስጥ ጠቅልላችሁ ነካ ነካ አድርጉበት። ዘይት ያልነካው ዳቦ ይሁን እንጂ።

## ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ 7 ቀን

ገበያ ለመውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የማይነሣባችሁን ነገር ሣሉ።

1ኛ እስከ 3ኛ ቀን። ጥቁር ጀበናና ነጭ ሲኒ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። መብራት አጥፉ፤ ብርሃን በአንድ ወገን ብቻ ይግባ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱ። የጀበናው ሆድ ጥቁር ነው፣ ግን በመስኮቱ በኩል ያበራል። ሲኒው ነጭ ነው፣ ግን በወዲያ በኩል ጥላ አለው። ሁለቱን አብራችሁ ሣሉ። ይቺን ጥንድ አትርሷት፤ 6ኛው ደረጃ ላይ እንመለስባታለን።

4ኛና 5ኛ ቀን። በመስታወት ራሳችሁን ሣሉ። ለመምሰሉ አትጨነቁ፤ የምትለማመዱት መለካት ነው። እርሳሱን አቁማችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ። ክርናችሁ አይታጠፍ። አንድ ዓይን ጨፍኑ። የእርሳሱን ጫፍ ከአናታችሁ ጋር አስተካክሉ፤ አገጫችሁ በሚያርፍበት ላይ አውራ ጣታችሁን አቁሙ። አሁን ይህን ልክ በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ መቁጠር ትችላላችሁ። ክርናችሁ ትንሽ እንኳ ከታጠፈ ልኩ ይበላሻል። ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

6ኛና 7ኛ ቀን። የቤት ሰው። የተኛ ወንድም ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ወረቀቱን ጠረጴዛ ወይም ጭን ላይ አጋድማችሁ አትሣሉ። የወረቀቱ ራስጌ ስለሚርቃችሁ ሳይታወቃችሁ ፊቱን ታስረዝሙታላችሁ። ኮምፔንሳቶውን ቀና አድርጉትና ፊት ለፊት እዩት።

## ደረጃ 3፦ ሰው መምረጥ፣ ብርሃን፣ ፈቃድ

አብዛኛው ሰው የሚከሽፈው እዚህ ነው። ስለ እርሳስ አያያዝ ሁሉም ይጠይቃል፤ ሰው ፊት እንዴት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ የለም።

### ማንን?

ሥራው የሚደጋገም ሰው ፈልጉ። በረንዳ ላይ በመኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ። ሸማኔ። እንዝርት ይዛ ጥጥ የምትፈትል እናት። ቡና የምትቆላ ልጅ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጣና ዳር ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራ ሰው። እነዚህ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን ወደ ነበሩበት አቋም ይመለሳሉ። ክንዷ ተነሥቶ ቢወርድም ከአንድ ደቂቃ በኋላ እዚያው ታገኙታላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ግን የሊስትሮ ደንበኛን የሚያህል የለም። እግሩን ሰቅሏል፣ ስልኩን አቀርቅሮ ያያል፣ ጫማው እስኪያልቅ የትም አይሄድም። መነኻሪያ ውስጥ መኪና የሚጠብቅ ሰውም ጥሩ ነው፤ ረዳቱ ሲጠራ ብድግ እንደሚል ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

### ስንት ሰዓት?

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። በተለይ በሚያዝያ አትሞክሩት። የባሕር ዳር ዘንባባ ሥርም አያዋጣም። በቅጠሉ መሃል የሚገባው ብርሃን ፊቱን ያዥጎረጉረዋል። በረንዳ ይሻላል፦ ሰውየው ጥላ ውስጥ፣ ብርሃኑ ከመንገዱ በኩል።

የእናንተም ወረቀት ጥላ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይን ስለሚያጭበረብር ከልክ በላይ ታጠቁራላችሁ። ቤት ገብታችሁ ስታዩት ፊቱ የጥላሸት ክምር ሆኖ ይጠብቃችኋል።

### እንዴት ይጠየቃል?

በድብቅ አትሣሉ። ሰው መታየቱን ያውቃል፤ ምን እንደምታደርጉ ስላላወቀ ግን ይጠረጥራል። አንድ ቀን ጤፍ ተራ ጥጉን ይዤ አንድ ነጋዴ እነድፍ ነበር። ከኋላው ያሉትን ጆንያዎች አንድ በአንድ ስደረድር ያየ ሰው «ጆንያ እየቆጠረ ነው፤ ግብር ሊያስጭንብን ነው!» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ተዉት። ደብተሬን ገልጬ ለሁሉም ሳላሳይ አልወጣሁም።

1. መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ተቀመጡ። ሻይ ቤት ከሆነ ሻይ እዘዙ። ቆማችሁ አትጠይቁ።
2. ደብተሩን ክፍት አድርጋችሁ የበፊት ሥራችሁን አሳዩ።
3. በአጭሩ ተናገሩ፦ «እንደምን ዋሉ አያ? ሥዕል እየተማርሁ ነው። ሥራዎን ሳላስፈታ እንደተቀመጡ ልሣልዎት? ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሳበቃ አሳይዎታለሁ።»
4. «ለምንድን ነው?» መባሉ አይቀርም። እውነቱን ንገሩ፦ ለልምምድ ነው፣ ደብተሬ ውስጥ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ላይ የምትለጥፉት ከሆነ ያንንም አሁኑኑ ንገሩ፤ ኋላ አይሆንም።
5. እምቢ ካሉ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ደብተሩን ክደኑ። ዞር ብላችሁ ከጀርባ አትሣሉ።

ካህን ከሆኑ መጀመሪያ «አባ ይፍቱኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ። ቅዳሴ ላይ ደብተር አይወጣም። ሲያልቅ ደጀ ሰላም ወይም ዛፍ ሥር የተቀመጡትን ጠይቁ።

ሕፃን ከሆነ እናቱን ጠይቁ፤ ከሁሉ አስቀድማችሁም «ያሳድግልሽ» በሉ። ልጇን አፍጥጦ የሚያይ እንግዳ ማንንም ያሳስባል። ክርስትና ያልተነሣ አራስ ልጅ ግን ለመሣል አትጠይቁ።

ኬላ፣ ካምፕ፣ ድልድይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር አጠገብ ደብተር ጨርሶ አይውጣ። የምትሣሉት ሰው ብቻ ቢሆንም እንኳ። ስታስረዱ ቀኑ ይመሽባችኋል።

### ልጆች ሲከቧችሁ

ይከቧችኋል። ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፤ ከኋላችሁ ቆመው የሚገፉት ነገር አይኑር። ከሁሉ የሚጮኸውን ልጅ ጥሩና በ2 ደቂቃ ሣሉት። ከዚያ ዘበኛችሁ እሱ ነው።

### በየትኛው ወገን ይቀመጡ?

ሙሉ በጎን አትጀምሩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ታይቶ ነው የሚሣሉት። የዘጌን የገዳማት ግድግዳ ሥዕሎች እያዩ ያደጉ ትልቅ ሰው በጎን ስትሥሏቸው «ምነው አንድ ዓይኔን አጠፋኸው?» ቢሏችሁ አይፈረድባቸውም። ትንሽ ዞር ያለ፣ ሁለቱም ዓይን የሚታይበት ወገን ምረጡ። አፍንጫውን ለማውጣትም ይኸው ነው የሚቀለው።

## ደረጃ 4፦ የ2 ደቂቃ ንድፍ

ፈቃድ አግኝታችሁም ቢሆን ወዲያው ፊት አትጀምሩ። በስልካችሁ 2 ደቂቃ ሙሉና አቋሙን ብቻ ያዙ።

1. ከአናት እስከ ተረከዝ አንድ ረጅም መስመር ጣሉ። ሰውየው ወዴት ነው ያዘነበለው? ክብደቱ የትኛው እግር ላይ ነው?
2. ሁለተኛ መስመር፣ ትከሻው። ሦስተኛ፣ ወገቡ። ሁለቱ ትይዩ ናቸው ብላችሁ አታስቡ፤ ብዙ ጊዜ አይደሉም።
3. ራሱን እንደ ትንሽ እንቁላል አስቀምጡ። ቆሞ ያለ ትልቅ ሰው ከ7 እስከ 7 ተኩል ራስ ይሆናል።
4. እጅና እግርን በመስመር ብቻ። ጣት የለም። ፊት የለም።

ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበትን ገበሬ በየመንገዱ ታገኙታላችሁ። እሱን ከዱላው ጀምሩ። ዱላው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ትከሻው ከሥሩ፣ አንገቱ ወደ ፊት፣ እጆቹ ተንጠልጥለው። በ30 ሴኮንድ ሰውየው ይወጣል። ቁምጣ ለብሶ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ከጉልበቶቹ ጀምሩ፤ ከሁሉ ቀድሞ ወደ እናንተ የሚመጣው ጉልበት ነው። ጋቢ የተከናነበ ሰው ላይ ራስ መቁጠር አይሠራም። አንድ ሦስት ማዕዘን ጣሉና ጨርቁ የተወጠረበትን ቦታ ፈልጉ፤ ትከሻ፣ ክርን፣ ጉልበት እዚያ ነው ያለው።

ሰውየው ከተንቀሳቀሰ፦ አታጥፉ። እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ ጀምሩ። ሲመለስ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። አንድ ገጽ ላይ አራት አምስት የተጀመረ ሰው ቢኖር ደንበኛ ነገር ነው። በዚህ ደረጃ ላጲሱ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

በአንድ ውሎ 20 ንድፍ ሥሩ። 15ቱ አይረቡም። ችግር የለም።

## ደረጃ 5፦ ራስን መትከል

አሁን ፊት። በኤች ቢ፣ በስሱ፣ እርሳሱን ከኋላ ይዛችሁ። ኤ4 ላይ ራሱ ከ12 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከተለቀ ዝርዝር እንድትሞሉበት ይጎተጉታችኋል።

1. እንቁላል ቅርጽ ጣሉ። ራሱ ያዘነበለ ከሆነ እንቁላሉም ይዘንብል።
2. ከአናት እስከ አገጭ መሃል ለመሃል የሚወርድ መስመር ጣሉ። ዞር ያለ ፊት ከሆነ መስመሩ ወደ ዞረበት ወገን ይለጠጣል።
3. ቁመቱን እኩል ክፈሉት። የዓይን መስመር እዚህ ነው። ከላይ አይደለም። ከዓይን እስከ አናት ያለው ርቀት ከዓይን እስከ አገጭ ካለው ጋር እኩል ነው። ግንባር የሚጠፋው ይህን ባለማመን ነው። ለክታችሁ እዩ።
4. ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ፤ ሦስቱ እኩል ይቀራረባሉ።
5. የከንፈር መሃል መስመር ከአፍንጫ ሥር ወደ አገጭ ሲወረድ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው።
6. ፊት ለፊት ሲታይ የራስ ስፋት አምስት ዓይን ያህል ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን ይገባል።
7. ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር።
8. አንገት ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ያዘነብላል። እንደ ምሰሶ ካቆማችሁት ሰውየው የመታወቂያ ፎቶ የሚነሣ ይመስላል።

እነዚህ ልኮች ለመነሻ ናቸው። አሁን ሰውየው ከልኩ የሚወጣበትን ፈልጉ። እርሳሱን እንደ ቱምቢ አቁማችሁ ከዓይኑ ውስጠኛ ጥግ ቁልቁል አውርዱ፦ የአፍንጫው ክንፍ ከመስመሩ ይወጣል? ግንባሩ ከሲሶው ይበልጣል? አገጩ ያጥራል? መምሰል የሚባለው ነገር እዚያች ልዩነት ላይ ነው ያለው። ዓይን አስውባችሁ አታመጡትም።

ልጅ ስትሥሉ የዓይኑን መስመር ከእኩሌታው ዝቅ አድርጉ። አለበለዚያ ትንሽ ሽማግሌ ይወጣላችኋል።

ነጠላ ወይም ጥምጥም ቢኖርም መጀመሪያ ሙሉውን የራስ ቅል ጣሉ፤ ጨርቁን ከላዩ አልብሱ። ጨርቁን ብቻ ከሣላችሁ ከሥሩ ጭንቅላት የሌለ ይመስላል።

እዚህ ላይ ቁሙ። ወረቀቱን ሁለት ሜትር ያህል አርቃችሁ እዩት። ዓይን፣ ከንፈር ገና አልተሣለም። ግን ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ሊጠረጥር ይገባል። ካልመሰለ ወደ 6 አትለፉ። ያልመሰለ ፊት ጥላ ሲቀባ መምሰል አይጀምርም።

## ደረጃ 6፦ ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ

የምታዩት የአሠራር ቪዲዮ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ ነው የሚያስተምረው። ፊቱን ወረቀቱ እንዳለ ይተዉታል፤ ጥቂት ጥላ ብቻ ይጨምራሉ። ያንን እንዳለ ገልብጣችሁ የቢቸናን ገበሬ ስትሥሉበት ሰውየው ነጭ ይሆናል። ይህን የፈሩት ደግሞ ፊቱን በሙሉ በ6ቢ ያጠቁሩታል፤ ከዚያ ፊት ሳይሆን ጥላሸት ይሆናል።

ጀበናና ሲኒውን አስታውሱ። ፊቱ ጀበናው ነው፣ ነጠላው ሲኒው ነው። አምስት እርከን ብቻ ተጠቀሙ፦

1. ብርሃን ያረፈበት ነጠላ። ምንም አይነካ፤ ባዶ ወረቀት።
2. የነጠላው እጥፋት ጥላና ግንባር ላይ የሚያበራው ወዝ። በኤች ቢ በስሱ።
3. ብርሃን ያረፈበት ፊት። 2ቢ፣ በእርሳሱ ጎን።
4. ጥላ የገባው የፊት ክፍል። 2ቢ ተደርቦ።
5. ፀጉር፣ የዓይን ብሌን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ አገጭ ሥር። 6ቢ ወይም ከሰል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ውስጥ ያለው ነጠላ እንኳ ብርሃን ካረፈበት ጠይም ፊት ይነጣል። ስለዚህ 2ኛው እርከን ከ3ኛው እንዳይጠቁር ተጠንቀቁ። ነጠላው ግራጫ ከሆነ ሁሉም ነገር አመድ ይለብሳል።

### ቅደም ተከተሉ

1. የጥላውን ድንበር መጀመሪያ አጥሩ። ፀሐይ ትሄዳለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥላው ሌላ ቦታ ነው። ያጠራችሁትን ድንበር ይዛችሁ ጨርሱ፤ ጥላውን እየተከተላችሁ አትቀያይሩ።
2. ፊቱን በሙሉ፣ ዓይኑንም ከንፈሩንም ሳትተዉ፣ በ3ኛው እርከን ቀቡት። ልብ ይጠይቃል። አድርጉት።
3. በላዩ ላይ 4ኛውን ጨምሩ፦ የዓይን ጉድጓድ፣ የአፍንጫ አንድ ጎን፣ ጉንጭ ሥር፣ አንገት።
4. በላጲስ ጠርዝ ብርሃኑን አውጡ፦ የግንባር ወዝ፣ የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የታችኛው ከንፈር።
5. 5ኛው እርከን መጨረሻ። በጥቂቱ።

ቡናማ ካኪ ወረቀት ላይ ሥራው ግማሽ ይቀልላችኋል። ወረቀቱ ራሱ 3ኛው እርከን ነው። ጥላውን በከሰል ታስገባላችሁ፤ ነጠላውን በጠመኔ ታነሣላችሁ። ጠመኔና ከሰል ግን አይነካኩ። ከተቀላቀሉ የሲሚንቶ ቀለም ይወጣል፣ መመለሻ የለውም። እኔ አሁን የፊት ሥዕል በነጭ ወረቀት የምሠራው ካኪ ሲያልቅብኝ ብቻ ነው።

በጣት አታዳብሱ። የእጅ ቅባት ወረቀቱ ላይ ይቀርና በኋላ እርሳስ አይዝም።

## ደረጃ 7፦ ዝርዝር፣ በመጨረሻ ብቻ

ዓይን። የላይኛው ቆብ ጥላ ስለሚጥል መስመሩ ይወፍራል፤ የታችኛው በጭራሽ አይሰመር። የዓይን ነጩ ክፍል ነጭ አይደለም። ባዶ ወረቀት ከተዋችሁት ሰውየው የደነገጠ ይመስላል።

ጥርስ። የሚሥቅ ሰው ጥርሶች መካከል መስመር አታስገቡ። አንድ ነጭ ቦታ ብቻ ተዉ።

ሹሩባ። ጉንጉኑን ሁሉ አትቁጠሩ። ፀጉሩን በሙሉ አንድ ጥቁር አድርጉና ብርሃን በሚዞርበት ቦታ ብቻ ጥቂት ጉንጉን አሳዩ። ለቆሎ ተማሪው ደበሎም እንዲሁ፤ ጸጉሩን በጠርዙ ብቻ አሳዩት፣ መሃሉን ተዉት።

የአንገት ንቅሳት። በዕድሜ የገፉ እናቶች አንገት ላይ ያለው ንቅሳት ለሠዓሊ ስጦታ ነው። መስመሩ አንገቱን እየዞረ ስለሚሄድ ክብነቱን ያወጣላችኋል። ቀጥ አድርጋችሁ አታስምሩት። ጥላውን ከጨረሳችሁ በኋላ በ2ቢ፣ ወደ ጎን ሲዞር እየደበዘዘ።

የነጠላ ጥለት። ጥበቡን አንድ ቦታ ላይ፣ ፊቱ አጠገብ፣ በጥንቃቄ ሥሩ። ሌላ ቦታ ሁለት መስመር ይበቃል።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ፊቱ ተጣመመ፣ ግን የት እንደሆነ አልታወቀም። ወረቀቱን ራስጌውን ወደ ታች ገልብጣችሁ እዩ። ወይም በስልካችሁ የራስ ፎቶ ካሜራ መስታወት አድርጋችሁ ተመልከቱት። ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ብዙ ጊዜ የወዲያኛው ዓይን ነው፤ ከፍ ብሎ ወይም ሰፍቶ ታገኙታላችሁ።

ወጣቷ አረጀች። መስመር በዝቷል። ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን መስመር አጥፉና በስስ ጥላ ተኩት። አንዲት ሙሽራ ሥዬ ሳሳያት ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ኋላ «እናቴን ነው እንዴ የሣልኸው?» አለችኝ። ሁለት መስመር ሳጠፋ ራሷ ሆነች።

ሰውየው መሃል ላይ ተነሣ። አትጥሩት። ወዲያው ዓይናችሁን ጨፍኑና ያያችሁትን በኅዳጉ ላይ በቃል ጻፉ፦ «ብርሃን ከግራ፣ ግንባር ሰፊ፣ ግራ ቅንድብ ከፍ ያለ።» ቤት ስትገቡ ከጽሑፉ ትጨርሱታላችሁ።

ፎቶ ማንሣት ግድ ሆነ። አስፈቅዱ። ስልኩን ፊቱ ላይ አታስጠጉ፤ ከቅርብ የተነሣ ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ይደብቃል። ሁለት ሜትር ርቃችሁ አጉልታችሁ አንሡ።

«እኔን አይመስልም» ተባላችሁ። አትከራከሩ። አጠገቡ ያለውን ሰው ጠይቁ። ሰው ራሱን የሚያውቀው በመስታወት፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው። ጎረቤቱም ካልመሰለው ወደ 5ኛው ደረጃ ተመለሱና ግንባሩን ለኩ።

ሥዕሉን ስጡኝ አሉ። ዋናውን መስጠት ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ሁለተኛ ፈጣን ንድፍ ሥሩላቸው። ወይም በስልክ አንሥታችሁ ፎቶ ቤት አሳጥባችሁ በሚቀጥለው ገበያ አምጡ። ቃል ከገባችሁ አምጡ። ሳታመጡ ከቀራችሁ እዚያ በረንዳ ላይ ዳግመኛ አትቀመጡም።

## ደረጃ 8፦ ማስቀመጥ

ከሰል በንክኪ ይለቃል። የፀጉር ስፕሬይ ካገኛችሁ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ደጅ ላይ፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ንፉበት። አቅርባችሁ ከነፋችሁ ጠብታው ይቀርበታል። ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ቢጫ ሊያደርገው ስለሚችል ለልምምድ ሥራ ብቻ ይሁን። ጠመኔ ያለበት ላይ ደግሞ በጣም ቀንሱ፤ ነጩ ይጠፋል።

በሥዕሎቹ መካከል ባዶ ወረቀት አስገቡ። ከኋላው ቀን፣ ቦታና ሰዓት ጻፉ። የሰውየውን ስም የምትጽፉት ከፈቀደ ብቻ ነው።

ክረምት ሌላ ነገር ነው። ከሰኔ ጀምሮ፣ በተለይ እንጅባራና ዳንግላ ላይ፣ ወረቀት እርጥበት ይጠጣና ይሻክራል፤ እርሳስ አልይዝ ይላል። ወረቀቱን ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ምድጃ ባለበት ክፍል አቆዩት፤ እሳቱ ላይ ግን አታንጠልጥሉት። ስትወጡ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ያዙ። ዝናብ የነካው ንድፍ ካለ አትጥረጉት። አግድም አስቀምጡት፣ በራሱ ይድረቅ፣ ከዚያ በከባድ መጽሐፍ አንድ ሌሊት ይጫን። ጠብታው የነካበት ቦታ ምልክቱ ይቀራል።

በሐምሌ የገበያው ቦታ ጭቃ ስለሚሆን እኔ ጠላ ቤት ነው የምገባው። መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ አይነሣም።